የታጠቀ አብራሪ፦ ከተኩሱ ይልቅ አያያዙ

በማርች 22 ቀን 2008 ከዴንቨር ተነሥቶ ወደ ሻርሎት ይበር የነበረ የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ኤ319 አውሮፕላን 124 መንገደኞችንና 5 የበረራ ሠራተኞችን እንደያዘ ለማረፍ ከፍታውን ይቀንስ ጀመር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 8,000 ጫማ ገደማ ላይ ሲደርስ ከአብራሪዎች ክፍል ውስጥ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ጥይቱ የኮክፒቱን የግራ ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ወጣ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ። ጠላፊ አልገባም፣ በሩም አልተሰበረም። ተኩሱ የመጣው አውሮፕላኑን ከጠላፊ ይጠብቅበት ዘንድ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ለአብራሪው ካስታጠቀው ሽጉጥ ነበር፤ እሱም ሽጉጡን ለማስቀመጥ ሲሞክር።

አብራሪዎች ይታጠቁ ወይስ አይታጠቁ የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው ስለ ተኩስ ነው። ጥይቱ የአውሮፕላኑን አካል ቢበሳስ? አብራሪው ዒላማውን ቢስትስ? መንገደኛ ቢመታስ? እነዚህ ጥያቄዎች መነሣታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ አብራሪዎችን የሚያስታጥቀው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ያለውን ታሪክ ላስተዋለ ሰው ዋናው አደጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሽጉጥ በአንድ አብራሪ የሥራ ዘመን ውስጥ ምናልባት አንድም ጊዜ ላይተኮስ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ብዙ ጊዜ ከሣጥን ይወጣል፣ ይታጠቃል፣ ይቆለፋል፣ ይፈታል፣ ወደ ሣጥን ይመለሳል። አደጋው የተደበቀው በዚህ ዕለታዊ ልማድ ውስጥ ነው። መሣሪያው አብሮት የሚገባው ሰው ማንነትና የዚያ ሰው የዕለቱ ሁኔታ ደግሞ ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ ነው።

ወደዚህ ከመግባታችን በፊት ፕሮግራሙ እንዴት እንደተወለደ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የታጠቀ አብራሪ የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት የፈጠረው አዲስ ነገር አይደለም። የአየር ትራንስፖርት በጀማሪነቱ ዘመን የመንግሥት ፖስታ የሚያጓጉዙ አብራሪዎች ሽጉጥ ይይዙ ነበር። በጁላይ 1954 በክሊቭላንድ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለመነሣት በዝግጅት ላይ ወደነበረ የአሜሪካን ኤርላይንስ አውሮፕላን ሽጉጥ ይዞ የገባ የ15 ዓመት ልጅ አብራሪዎቹን ሲያስፈራራ ካፒቴኑ በራሱ ሽጉጥ ተኩሶ ገድሎታል። የልጁ ሽጉጥ ጥይት እንዳልነበረው የታወቀው በኋላ ነው። በ1961 የወጣ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብም አየር መንገዱ ከተስማማና አብራሪው ከሠለጠነ መታጠቅን ይፈቅድ ነበር። ይህ ደንብ የተሰረዘው በጁላይ 2001 ነው፤ ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ብቻ ቀደም ብሎ። የጊዜውን መገጣጠም በመጥቀስ ስረዛውን ለጥቃቱ መሳካት ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡ ተከራካሪዎች አልጠፉም። ሆኖም ፈቃዱ ለብዙ ዓመታት ማንም የማይጠቀምበት የወረቀት ፈቃድ ሆኖ ስለቆየ፣ ክርክራቸው ብዙ ርቀት አይሄድም።

ከጥቃቱ በፊት የበረራ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት መርሕ ለጠላፊ መታዘዝ፣ ጊዜ መግዛት፣ አውሮፕላኑን ማሳረፍና ድርድሩን በምድር ላሉት ባለሥልጣናት መተው የሚል ነበር። ጠላፊው ገንዘብ፣ እስረኛ ማስፈታት ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ይፈልጋል እንጂ ራሱን መግደል አይፈልግም ተብሎ ይታሰብ ነበር። አራቱ አውሮፕላኖች በተጠለፉባት ዕለት ጠዋት ይህ ግምት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የአብራሪዎቹን ክፍል ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ማለት አውሮፕላኑን፣ መንገደኛውንና በምድር ያለውን ሕዝብ አሳልፎ መስጠት ሆነ። የአብራሪዎች ማኅበራት የጦር መሣሪያ ጥያቄ ያነሡትም ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንድ ሰው በሩን አልፎ ከገባ ከዚያ ወዲያ ሌላ መከላከያ የለም የሚለው መከራከሪያቸው ትክክል ነበር።

መንግሥት ግን ወዲያው አልተቀበላቸውም። አዲስ የተቋቋመው የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ በአጭር ስሙ ቲኤስኤ፣ የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ማጋው በሜይ 2002 በኮክፒት ውስጥ ሽጉጥ እንደማይፈቅዱ ለምክር ቤት አሳወቁ፤ አብራሪው ትኩረቱን በመሪው ላይ ማድረግ አለበት የሚል ነበር አቋማቸው። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኖርማን ሚኔታም ተቃወሙ፤ አየር መንገዶቹም አልወደዱትም። የምክር ቤቱ አባላት ግን ከዚህ በተቃራኒው ቆሙ። የተወካዮች ምክር ቤት በጁላይ 2002 ዕቅዱን በ310 ድጋፍና በ113 ተቃውሞ ሲያጸድቅ፣ ሴኔቱ ደግሞ በሴፕቴምበር በ87 ለ6 ድምፅ ደገፈው። ሐሳቡ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በተፈረመው የሀገር ውስጥ ደኅንነት ሕግ ውስጥ ተካቶ የፌዴራል የበረራ ክፍል መኮንኖች ፕሮግራም ተባለ። በኤፕሪል 2003 በጆርጂያ ግዛት በሚገኘው የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች ማሠልጠኛ የመጀመሪያዎቹ 44 አብራሪዎች ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የጭነት አውሮፕላን አብራሪዎች እንዲካተቱ ሕግ ወጣ።

ሕጉ ለአብራሪው የሚሰጠው ሥልጣን ጠባብ ነው። ታጣቂው አብራሪ የፌዴራል መኮንንነት ሥልጣን ቢኖረውም፣ ሥልጣኑ የሚሠራው የአብራሪዎችን ክፍል ለመከላከል ብቻ ነው። በመንገደኞች ክፍል ጠብ ቢነሣ፣ አስተናጋጅ ቢመታ፣ መንገደኛ ቢታገት፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ሽጉጡን ይዞ መውጣት አይፈቀድለትም። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው። ሥልጠናው አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላም በዓመት ሁለት ጊዜ የተኩስ ብቃቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። መንግሥት ሽጉጡን፣ ጥይቱንና ሥልጠናውን ሲያቀርብ፣ አብራሪው ጊዜውንና የጉዞ ወጪውን ከራሱ ይሸፍናል። ማን እንደታጠቀ ምስጢር ነው፤ ቁጥራቸውም በሺዎች የሚቆጠር መሆኑ ከመታወቁ በቀር በትክክል አይገለጽም። ይህ ምስጢራዊነት የፕሮግራሙ አንዱ ጥንካሬ ነው፤ ጠላፊ ለመሆን የሚያስብ ሰው ከየትኛው በር ኋላ ሽጉጥ እንደሚጠብቀው አያውቅምና።

ከኮክፒት ውጭ ግን ሽጉጡ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ሕግ አውጪዎቹን ያስጨነቃቸው አብራሪው በመንገደኞች መካከል፣ በተርሚናል፣ በሆቴል ታጥቆ የመታየቱ ጉዳይ ነበር። መፍትሔው ቀላል መስሎ ታይቷል፦ በኮክፒት ውስጥ ይታጠቀው፣ ሲወጣ ይቆልፈው። በወረቀት ላይ ጥንቁቅ የሆነ ደንብ ነው። በሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል ግን በ2008ቱ በረራ ታየ።

ለፕሮግራሙ የተመረጠው መሣሪያ ባለ .40 ካሊበር የሄክለር ኤንድ ኮክ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ነበር። በወቅቱ ይሰጥ የነበረው የሽጉጡ ማኅደር ከቆዳ የተሠራ ሲሆን በምላጩ አካባቢ በሁለቱም ጎኑ ቀዳዳ ነበረው። በቀዳዳው ውስጥ የጓጉንቸር ዘንግ ያልፍ ነበር፤ ሐሳቡም ዘንጉ በምላጩ መከለያ ውስጥ ገብቶ ሽጉጡ ከማኅደሩ እንዳይወጣና እንዳይተኮስ ማድረግ ነበር። ሽጉጡ እስከ መጨረሻው ጠልቆ ከተቀመጠ ዘንጉ የሚያልፈው ከምላጩ ኋላ ስለሆነ ምላጩን መሳብ አይቻልም። ሽጉጡ በጥቂቱ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ግን ዘንጉ ከምላጩ ፊት ይገባል። በዚህ ጊዜ አብራሪው ሽጉጡ በትክክል እንዳልገባ ተሰምቶት ወደ ውስጥ ገፋ ቢያደርገው፣ ወይም ጓጉንቸሩን ቢጫነው፣ ዘንጉ ራሱ ምላጩን ይስበዋል። ጣት ሳይነካው ይተኮሳል ማለት ነው። ማኅደሩ የቆዳ ሽፋን ስላለው ዘንጉ የት እንዳለፈ ዓይን አያይም፤ በጨለማ ኮክፒት ውስጥማ ጨርሶ አይታሰብም።

ይህን ስሕተት የአንድ ሰው ግድየለሽነት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በወቅቱም ብዙዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ የሥራ ቀን እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። አብራሪው ወደ ኮክፒት ሲገባ ሽጉጡን ከሣጥኑ አውጥቶ ይታጠቃል። ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲፈልግ ይቆልፈዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሲመለስ ፈትቶ እንደገና ይታጠቃል። በረራው ሲያበቃ እንደገና ቆልፎ ወደ ሣጥን ይመልሰዋል። በአጭር ርቀት የሚበርሩ አብራሪዎች በቀን ሦስትና አራት በረራ ይሠራሉ። ስለዚህ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጠባብ ቦታ፣ በመቀመጫ ቀበቶና በመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች መካከል ይነካካል። መንገድ ላይ የሚሠራ ፖሊስ ሽጉጡን ጠዋት ታጥቆ ማታ ይፈታዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከማኅደሩ ላያወጣው ይችላል። የጦር መሣሪያ አሠልጣኞች ደጋግመው እንደሚናገሩት አደጋ የሚበዛው መሣሪያ ሲወጣና ሲገባ ነው። የአብራሪው ደንብ የተቀረጸው ይህን እውነታ በመገልበጥ ነው፤ መሣሪያው ከሰው ዓይን ይሰወር ዘንድ ሲባል የሚነካካበት ጊዜ እንዲበዛ ተደረገ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ጥይት የአውሮፕላኑን ግድግዳ ቢበሳ አየሩ በሙሉ ተስቦ ይወጣል፣ አውሮፕላኑም ይበተናል የሚለው። ይህ ፍርሃት ከሲኒማ የተወረሰ ነው ማለት ይቻላል። የመንገደኛ አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡና በውጭው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በየስኩዌር ኢንቹ 8 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። አውሮፕላኑ በባሕርዩ የታሸገ ዕቃ አይደለም፤ ከሞተሮቹ ያለማቋረጥ አየር ይገባል፣ በኋላ በኩል ባለ ቫልቭም መጠኑ እየተቆጣጠረ ይወጣል። የ.40 ካሊበር ጥይት የሚከፍተው ቀዳዳ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር ያህል በመሆኑ ከዚያ ቫልቭ ክፍተት ጋር አይወዳደርም፤ ሥርዓቱም የጠፋውን ይተካል። በኤፕሪል 1988 የአሎሃ ኤርላይንስ ቦይንግ 737 በሃዋይ ሰማይ ላይ 5 ሜትር ተኩል ያህል የጣሪያው ክፍል ተገንጥሎ ከተጓዙት 95 ሰዎች አንዲት አስተናጋጅ ብትሞትም ማረፍ ችሏል። ጣሪያው ሲገነጠል የተረፈ አውሮፕላን ከአንድ ጥይት ቀዳዳ ይተርፋል።

በኮክፒት ውስጥ የሚተኮስ ጥይት አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በዚያ ጠባብ ክፍል ያለው እያንዳንዱ ግድግዳ ሽቦና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ የተሸከመ ነው። ዘመናዊ አውሮፕላኖች ለእያንዳንዱ ወሳኝ ሥርዓት ምትክ ስላላቸው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ምትክ የሌለው የሰው አካል ነው። ከሁለት አብራሪዎች አንዱ ቢመታ፣ ሌላው በተኩስ ድምፅ ጆሮው ደንቁሮ፣ ጓደኛው ከጎኑ ወድቆ፣ አውሮፕላኑን ብቻውን ማሳረፍ ይኖርበታል። በ2008 ጥይቱ ወደ ግድግዳው መሄዱ የአቅጣጫ ጉዳይ ነበር እንጂ የደንብ ውጤት አልነበረም።

አሁን ሽጉጡ ሊከላከለው ወደታሰበው ነገር እንመለስ። በአሜሪካ አየር መንገዶች የሚበርሩ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሁሉ ጥይትና ኃይለኛ ግፊትን የሚቋቋም የተጠናከረ የኮክፒት በር እስከ ኤፕሪል 2003 እንዲያስገቡ ታዘዋል፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በዚያው ዓመት ለትልልቅ አውሮፕላኖች ተመሳሳይ መስፈርት ሥራ ላይ አውሏል። በሩ ተዘግቶ ከዋለ ጠላፊ አይገባም። ችግሩ በሩ ተዘግቶ አለመዋሉ ነው። በረጅም በረራ አብራሪው መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፣ ምግብ ይገባል፣ ፈረቃ ይለወጣል። በሩ በሚከፈትባቸው በእነዚያ ሰኮንዶች ከመንገደኞች ክፍል እስከ አብራሪው ወንበር ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። ብዙ አየር መንገዶች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት አንዲት አስተናጋጅ የምግብ ጋሪ በመተላለፊያው ላይ አቁማ ከኋላው እንድትቆም ነው።

የታጠቀው አብራሪ በዚህች ቅጽበት ምን ሊያደርግ ይችላል? ሥራው ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ፣ በትከሻና በወገብ ቀበቶ ታስሮ መቀመጥ ነው። በሩን ጥሶ የሚገባ ሰው ካለ፣ አንደኛው አብራሪ መብረሩን ሲቀጥል ታጣቂው ሰውነቱን አዙሮ፣ ሽጉጡን አውጥቶ፣ የሚገባው ጠላፊ ይሁን የሥራ ባልደረባው ለይቶ መተኮስ ይኖርበታል። የሥልጠናው ዋና ክፍል የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው፤ በተኩስ ሜዳ ላይ ቆሞ ዒላማ መምታት ሳይሆን በጠባብ ወንበር ላይ ሆኖ ዞሮ መተኮስ። በሩ ቢያንስ ጥቂት ሰኮንድ ካዘገየ ይህ ይቻላል። በሩ ክፍት ከሆነና ገቢው በፍጥነት ከመጣ ግን ጊዜው ጠላፊውን ይረዳል። ሽጉጡ በሩን የሚተካ አይደለም፤ በሩ በሚሰጠው ጊዜ ብቻ የሚጠቅም ነው።

የአቪዬሽን ታሪክ ስለዚህ ነጥብ የሚያስተምረው አለ። በሜይ 1964 በካሊፎርኒያ የፓሲፊክ ኤርላይንስ ኤፍ-27 አውሮፕላን ውስጥ አንድ መንገደኛ ሁለቱንም አብራሪዎች በሽጉጥ መትቶ 44ቱም ተሳፋሪዎች አለቁ። በዲሴምበር 1987 ደግሞ በዚያው ግዛት ከሥራ የተባረረ የአየር መንገድ ሠራተኛ ያልመለሰውን መታወቂያ ተጠቅሞ ሽጉጥ ይዞ ገባ፤ በፒኤስኤ በረራ 1771 ላይ ያሉትን አብራሪዎች በመግደሉ 43 ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ጊዜ ጥቃቱ ድንገተኛ ስለነበር አብራሪው በወገቡ ሽጉጥ ቢኖረውም ለመምዘዝ ጊዜ ማግኘቱ ያጠራጥራል። የሚያድነው የነበረው የተቆለፈ ጠንካራ በርና ጥብቅ ፍተሻ ነው። በኖቬምበር 1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ላይ ደግሞ ሦስቱ ጠላፊዎች ከያዙት ነገር ዋነኛው ከኮክፒቱ ውስጥ የነጠቁት መጥረቢያ ነበር። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175ቱ ተሳፋሪዎች 125ቱ ሞቱ። በኮክፒት የሚቀመጥ ማንኛውም መሣሪያ ለመከላከያ እንደሚሆን ሁሉ ለአጥቂም ይሆናል፤ መጥረቢያው እዚያ የተቀመጠው በእሳት ጊዜ ፓነል ለመስበር ነበር።

በአንድ ዘርፍ ግን የታጣቂ አብራሪ ክርክር ጠንካራ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ እሱም የጭነት አውሮፕላን ነው። በኤፕሪል 1994 ከሜምፊስ በተነሣ የፌዴክስ ዲሲ-10 ላይ፣ ከሥራ ሊሰናበት የተቃረበ የድርጅቱ የበረራ መሐንዲስ እንደ ተጓዥ ባልደረባ ተሳፍሮ ሦስቱን የበረራ ሠራተኞች በመዶሻ ጭንቅላታቸውን መታ። ሠራተኞቹ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸውም ታግለው አሸነፉትና አውሮፕላኑን አሳረፉ። በጭነት አውሮፕላን ላይ በመካከል ሆኖ የሚረዳ መንገደኛ የለም፣ አስተናጋጅ የለም፣ በብዙዎቹ ላይም የተጠናከረ በር የለም። በዚያ ያለ ሰው ብቻውን ነው። ሆኖም ይኸው ታሪክ ሌላ ገጽታ አለው፦ አጥቂው የድርጅቱ ሰው፣ የኮክፒቱን አሠራር የሚያውቅ ባልደረባ ነበር። ሽጉጥ በኮክፒት ኖሮ ቢሆን መጀመሪያ የሚፈልገው እሱኑ ነበር።

ይህም ወደ ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ ይወስደናል። የፕሮግራሙ ደጋፊዎች ከሚያነሡት ሁሉ ጆሮ የሚስበው አባባል «የመቶዎችን ሕይወት አምነን አውሮፕላኑን ከሰጠነው ሽጉጥ ለምን እንነፍገዋለን?» የሚለው ነው። ሲሰማ መልስ የሌለው ይመስላል። በማርች 2015 የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑ ሲወጣ በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ከፈረንሳይ ተራራ ጋር በማጋጨት ራሱን ጨምሮ 150 ሰዎችን ሲገድል ሽጉጥ አላስፈለገውም። በኖቬምበር 2013 የሞዛምቢክ አየር መንገድ ካፒቴን በናሚቢያ 33 ሰዎችን ይዞ ሲወድቅም እንዲሁ። ማጥፋት የፈለገ አብራሪ መሪው ይበቃዋል።

ክርክሩ ግን የሚያየው የመጨረሻውን ጽንፍ ብቻ ነው። ሁለት አብራሪዎች በአንድ ኮክፒት ውስጥ የሚቀመጡት አንዱ ሌላውን ይቆጣጠር ዘንድ ነው። ካፒቴኑ ሲሳሳት ረዳቱ ይናገራል፤ ረዳቱ ሲሳሳት ካፒቴኑ ይወስዳል። የዘመናዊው የበረራ ደኅንነት ሥልጠና ለአሥርተ ዓመታት የደከመበት ነገር ይህ ነው፤ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ሰው ያለፍርሃት እንዲናገር ማድረግ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲታጠቅ ይህ ሚዛን ምን ይሆናል? በኦክቶበር 2023 በዩታ የፌዴራል ፍርድ ቤት በአንድ ረዳት አብራሪ ላይ የቀረበው ክስ የሚመለከተው ይህንን ነው። እንደ ክሱ ከሆነ፣ በኦገስት 2022 በአንድ ትልቅ አየር መንገድ በረራ ላይ፣ የታመመ መንገደኛ በመኖሩ ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ወደ ሌላ ማረፊያ ለማዞር ሲያስብ፣ በፕሮግራሙ የታጠቀው ረዳት አብራሪ ካዞረው በጥይት እንደሚመታው ደጋግሞ ዛተበት። ቲኤስኤ ግለሰቡን ከፕሮግራሙ አስወጥቷል። አውሮፕላኑ አልወደቀም፣ ጥይትም አልተተኮሰም። ይሁን እንጂ በክሱ የተገለጸው ሁኔታ አንድ ካፒቴን ስለ አንድ የሕክምና ጉዳይ ሊወስን ሲል የጓደኛውን ሽጉጥ ማሰብ የተገደደበት ነው። «መሪውን አምነን ሰጥተነዋል» የሚለው አባባል ለዚህ ሁኔታ መልስ የለውም፤ መሪውን ለማጥፋት መጠቀም ራስንም ማጥፋት ስለሆነ ጥቂቶች ብቻ የሚደፍሩት ነገር ነው፤ ሽጉጥን ለማስፈራራት መጠቀም ግን በአንዲት የቁጣ ደቂቃ የሚደረግ ነው።

ለፕሮግራሙ የሚያመለክቱ አብራሪዎች የሥነ ልቦና ምርመራ ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙው ነገር በራሳቸው ሐቀኝነት ላይ ይወድቃል። የአብራሪዎች የጤና ሥርዓት ሰውየው የሚሰማውን ራሱ እንዲናገር የሚጠብቅ ነው፤ የተናገረ ደግሞ ከበረራ የመታገድ ስጋት አለበት። በኦክቶበር 2023 ከሥራ ውጭ የነበረ አንድ አብራሪ በኮክፒቱ ተጨማሪ ወንበር ተቀምጦ ሳለ የሞተሮቹን የእሳት ማጥፊያ እጀታዎች ለመሳብ ሲሞክር በባልደረቦቹ ከተያዘ በኋላ ይህ ጉዳይ በአሜሪካ እንደገና ተነሥቷል። የአእምሮ ጭንቀትን መደበቅ የሚያስገድድ ሥርዓት ባለበት የጦር መሣሪያ ማከል ጥንቃቄን እጥፍ ይጠይቃል።

በገንዘብ ረገድ ግን ፕሮግራሙ ክፉ አይባልም። ወጪው በ2012 በዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በመንገደኛ ልብስ የሚሳፈሩት የፌዴራል የበረራ ጠባቂዎች በጀት በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ጠባቂዎቹም ከበረራዎቹ በጥቂቱ ላይ ብቻ ነው የሚገኙት። የአደጋ ወጪና ጥቅም ስሌት የሠሩት ማርክ ስቱዋርትና ጆን ሙለር የተባሉ ተመራማሪዎች የታጠቁት አብራሪዎች ለወጪያቸው ተመጣጣኝ ጥቅም እንደሚሰጡ፣ የበረራ ጠባቂዎቹ ግን እንደማይሰጡ ደምድመዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ የኦባማ አስተዳደር በ2012 የፕሮግራሙን በጀት ወደ ግማሽ ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ፤ ምክር ቤቱ ግን ፕሮግራሙን አቆየው። እንዲህ ያለው ስሌት የማይቆጥረው ነገር ደግሞ አለ፤ በሽጉጥ ጥላ ሥር የተላለፈ ውሳኔ በዶላር አይተመንም።

ሌሎች አገሮች የአሜሪካን መንገድ አልተከተሉም። የአውሮፓ አየር መንገዶችና አብራሪዎቻቸው በአመዛኙ በጠንካራ በር፣ በካሜራና በመክፈቻ ሥርዓት ላይ መተማመን መርጠዋል፤ የእስራኤሉ ኤል አል ደግሞ በመንገደኞች መካከል የሚቀመጡ የታጠቁ ጠባቂዎችና ድርብ የኮክፒት በሮች አሉት። ዓለም አቀፍ ደንቡም በአውሮፕላን መሣሪያ የሚይዝ ሰው የሚመለከታቸውን አገሮች ሁሉ ስምምነት እንዲያገኝ ስለሚጠይቅ፣ የአሜሪካው አብራሪ ሥልጣን በአብዛኛው በአገር ውስጥ በረራዎች የታጠረ ነው። የኤል አል ድርብ በር የሚያሳየው ሐሳብ ለእኔ ከሽጉጡ የበለጠ ይመዝናል፦ የመጀመሪያው በር ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም።

አሜሪካም ወደዚህ ሐሳብ በዝግታ እየሄደች ነው። በ2018 የወጣ ሕግ ያዘዘውን ተከትሎ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በጁን 2023 አዲስ የሚመረቱ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከኮክፒቱ በር ፊት ሁለተኛ መከለያ እንዲኖራቸው ደነገገ። መከለያው ቀላል ነገር ነው፤ አብራሪው ሲወጣ ተዘርግቶ የሚቆለፍ፣ ከመንገደኞች ክፍል የሚሮጥ ሰውን በሩ እስኪዘጋ ድረስ የሚያዘገይ አጥር። የሚገዛው ጊዜ ጥቂት ሰኮንድ ቢሆንም፣ ያቺ ጊዜ ታጣቂው አብራሪ ከወንበሩ ዞሮ ሽጉጡን ለመምዘዝ የሚፈልጋት ያህል ናት፤ አስተናጋጇን ከምግብ ጋሪ ኋላ ቆማ አካሏን መከለያ ከማድረግ ታድናታለች፤ በስሕተትም አይተኮስም።

ሕጉ ግን በሥራ ላይ ያሉትን አውሮፕላኖች አይመለከትም። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊያገለግል ስለሚችል፣ አብዛኛው መንገደኛ ለረጅም ጊዜ የሚበረው ያለ ሁለተኛ መከለያ ነው። መከለያው ለነባሮቹም እንዲገጠም ቢታዘዝ ሽጉጡ የሚሞላው ክፍተት በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ በጣም ይጠባል። በዚያን ጊዜ ታጣቂ አብራሪ የሚያስፈልግበት ዋናው ቦታ መንገደኛ፣ አስተናጋጅም ሆነ በር የሌለው የጭነት አውሮፕላን ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ሽጉጡ ሊቀጥል የሚገባው ከሆነ ደግሞ፣ በየቀኑ በብዙ እጆች እንቅስቃሴ ከሚወጣና ከሚገባ ይልቅ በኮክፒቱ ግድግዳ ላይ በተገጠመ፣ ለአደጋ ጊዜ በፍጥነት በሚከፈት ትንሽ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ እንዲውል ማድረግ፣ ካዝናውም ሁለቱም አብራሪዎች ሳያውቁ እንዳይከፈት ማድረግ፣ በ2008 እና በ2022 የታዩትን ሁለቱንም አደጋዎች በአንድ ጊዜ ያቃልላል።